ብርታት በአንድ ሌሊት ይሰጣልን? ደቀ መዝሙርነትን ለነቀፈ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

በወንጌላውያን ምእመናን ዘንድ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ አብያተ ክርስቲያናት የደቀ መዝሙርነት ሥልጠናን፣ ማለትም በሳል አማኝ አዲሱን አማኝ አጠገቡ አድርጎ በእምነት የሚያሳድግበትን አሠራር፣ ከዓመታዊ ዕቅዳቸው እንዲያወጡ፣ ለትንንሽ ኅብረቶች የተመደበውንም የሳምንት ምሽት ለአዳር ጸሎትና ለኮንፈረንስ እንዲያውሉት ይጠይቃል። ምክንያት ብሎ የሚዘረዝራቸው ነጥቦች አምስት ናቸው፦ ደቀ መዝሙርነት ከውጭ የመጣ አሠራር ነው፤ ብርታት በቅጽበት የሚቀበሉት እንጂ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ በእምነት የበረታ ሰው አይጠራጠርም፣ በሐዘንም አይሰበርም፤ የደቀ መዝሙርነት አሠራር ሰውን ለሰው ባሪያ ያደርጋል፤ በመጨረሻም የዘመናችን ሰው፣ በተለይም በስደት ያለው፣ ጊዜ ስለሌለው በስልኩ የሚሰማው ስብከት ይበቃዋል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁረው መሆኑን ከአነጋገራቸው መረዳት ይቻላል። እሑድ አዳራሹን ሞልቶ የሚዘምረው ሕዝብ ከሰኞ ጀምሮ ባለው ኑሮው ዝሎ እንደሚታይ የታዘቡትም ልክ ነው። ችግሩን በትክክል ካዩ በኋላ ችግሩን ሊያቃልል የሚችለው አሠራር እንዲወገድ መጠየቃቸው ግን ይህን ምላሽ እንድጽፍ አድርጎኛል። ነጥቦቹን እሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እመለከታቸዋለሁ፤ ሁሉም ግን እኩል ክርክር አያስፈልጋቸውም።

በመጀመሪያው ነጥብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ የሥልጠናው ደብተር ሲሆን ሌላው ሥራው ራሱ ነው። ደብተሩን በተመለከተ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ያ ስስ መጽሐፍ፣ በየገጹ ጥቅስ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ መስመር የተተወለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ነው፤ በረዶ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ወጣት በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት ምሳሌ የሚሰጥም አይጠፋበትም። አስተማሪው መልሱን ከመጨረሻው ገጽ ያነባል፣ ተማሪው ባዶውን ቦታ ይሞላል፣ ኮርሱ ሲያልቅ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከተመራቂዎቹ መካከል ለሳምንታት አጠገባቸው ተቀምጦ የተማረው ሰው የት ሰፈር እንደሚኖር፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደር የማያውቁ አሉ። ጸሐፊው «ይህ ደቀ መዝሙርነት አይደለም» ቢሉ ኖሮ ይህን ምላሽ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ሥራው ራሱ ግን ለዚህ አገር ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ወደዚህ ምድር ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከወላጆቹ ርቆ፣ ከየኔታው እግር ሥር ዳዊቱንና ዜማውን በቃሉ ይይዝ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያሠለጠኗቸው መነኮሳት፣ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደየአቅጣጫው ሄደው የራሳቸውን ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ትውፊት በትምህርት የምንለይባቸው ዐበይት ጉዳዮች እንዳሉ የታወቀ ነው፣ እነዚያን እዚህ ማንሣትም ከርእሱ መውጣት ይሆናል። ይሁን እንጂ መንፈሳዊ ነገር ከአንድ በሳል ሰው ጋር ለዓመታት በመኖር እንደሚወረስ ለዚህ ሕዝብ ያስተማረው የውጭ ድርጅት የለም።

ጸሐፊው «አባቶቻችን ያደጉት በመነቃቃት እንጂ በትምህርት አይደለም» ለሚለው አባባላቸው የወላይታን ታሪክ ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ምስክሩ ግን ለእሳቸው የሚመሰክር አይመስለኝም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች ወደ ወላይታ የገቡት በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት ከዚያ በኋላ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ በጣልያን ወረራ ምክንያት አካባቢውን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ገንዘብ የሚልክላቸው፣ ሰባኪ የሚመድብላቸው፣ ከባለሥልጣን የሚያስጥላቸው ወገን አልነበራቸውም። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎቻቸው ተገርፈዋል፤ ታስረዋል። ጣልያን ተባርሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚደርሱ አማኞች ጠበቋቸው።

ከ48 ወደ 10,000 የተደረሰበትን መንገድ ማሰብ ይገባል። የድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ከውጭ የተጋበዘ አገልጋይም አልነበረም። የታሰሩት ወንድሞች ስንቅ ያስፈልጋቸው ስለነበር አማኞች ምግብ ተሸክመው ወደ እስር ቤት ይመላለሱ ነበር፤ ይህን ያዩ ያላመኑ ጎረቤቶችም «እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲህ የሚተሳሰቡት ለምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። የጠየቀው ሰው ለነገ የሚቀጠር አዳራሽ ስላልነበረው ወደ አንዱ አማኝ ጎጆ ገብቶ፣ እዚያው እየበላና እየጠጣ፣ የሰማውን በቃሉ እየያዘ ተማረ፤ ተምሮም ለወንድሙ ነገረ። በኋላም ከወላይታ የወጡ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ዳውሮ በእግራቸው ዘልቀው ከማያውቁት ሕዝብ መካከል ጎጆ ቀልሰው ኖሩ። ይህን መነቃቃት ብሎ መጥራት ተገቢ ነው፤ እኔም እጠራዋለሁ። የተነቃቃው ሰው ሁሉ ግን ወዲያው በአንድ አማኝ እጅ ገብቶ ይማር እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) ከተማ የተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴም፣ ጸሐፊው በጨረፍታ የጠቀሱት፣ አጀማመሩ ይኸው ነው። ወጣቶቹ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ብለው የዮሐንስ ወንጌልን ከአንድ ሚሲዮናዊ ጋር ማንበብ ጀመሩ፤ ንባቡ ወደ እምነት፣ እምነቱ ወደ ጸሎት ወሰዳቸው። እሳቱን ብቻ እያወሳን ንባቡን ከታሪኩ መፋቅ ለወጣቶቹም ለእሳቱም ፍትሕ አይሆንም።

በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ያን ጊዜ አባላቷ ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። ደርግ ወድቆ በሮቿ ሲከፈቱ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ኮንፈረንስ ማድረግ ይቅርና በግልጽ መዘመር አይቻልም ነበር። አማኞች በየመኖሪያ ቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይገናኙ ነበር፤ ሠርግና ለቅሶ የመሰብሰቢያ ምክንያት ይሆን ነበር፤ ሴቶችም የቤት ውስጥ ኅብረቶችን በመምራት ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወጉ እንደምንሰማው ሲኒው ይደረደራል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ለሚመጣ ሰው ቡና የተጠራ ይመስላል፤ መዝሙሩ ከከንፈር አይወጣም፤ የውጭ በር ሲንኳኳ መጽሐፍ ቅዱሱ ከመቀመጫ ትራስ ሥር ይገባል። ከጥቂት ሰው በላይ በማይሰበሰብበት ቤት ውስጥ የማያነብ፣ የማይጸልይ፣ የማይጠየቅ ሰው አልነበረም። አዳራሹ በተመለሰልን ጊዜ ግን ብዙዎቻችን ወደ ተመልካችነት ተመልሰናል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ጸሐፊው ያዘኑበት የሰኞ ዝለትም ከዚያ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ዋልታ ነው። «ብርታት የሚቀበሉት እንጂ የሚማሩት አይደለም» ይላሉ፤ ለዚህም በደማስቆ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ የተለወጠውን ሳውልን፣ እንዲሁም እግዚአብሔርን በመተማመን የሚጠባበቁ ኃይላቸውን እንደሚያድሱ የተናገረውን ኢሳይያስን ይጠቅሳሉ። ብርታት የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም፤ መንፈስ ቅዱስ በቅጽበት ሰውን እንደሚያነሣም አምናለሁ። ጥያቄው ስጦታው ምን ባለ መንገድ በሰው ሕይወት ውስጥ ሥር ይሰድዳል የሚል ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ጸሐፊው የመረጡት የሳውል ታሪክ እስከ መጨረሻው ቢነበብ በቂ መልስ ይሰጣል።

ሳውል ብርሃኑን ካየ በኋላ ዓይኑ ታውሮ ሰው እየመራው ነው ወደ ደማስቆ የገባው። ጌታ በቀጥታ ሊያነጋግረው የሚችል ሆኖ ሳለ ሐናንያ የሚባል አንድ ደቀ መዝሙር ላከለት፤ ሐናንያም ፈራ፣ ተከራከረ፣ በኋላ ሄዶ እጁን ጫነበትና «ወንድሜ ሳውል» አለው። ሳውል በደማስቆ ካሉት ደቀ መዛሙርት ጋር ሰነበተ። ለገላትያ ሰዎች እንደ ጻፈው ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ተመለሰ፤ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያም ሁሉ በፈሩት ጊዜ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው በርናባስ ነበር። ያው በርናባስ በኋላ እስከ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አገኘው፤ ወደ አንጾኪያ አምጥቶት አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉትም በዚያች ከተማ ነው። የደማስቆው ቅጽበት ባይኖር ጳውሎስ ባልኖረ ነበር፤ ሐናንያና በርናባስ ባይኖሩስ ያ ቅጽበት የት ይደርስ ነበር?

የበዓለ ኀምሳ ቀንም እንዲሁ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ሺህ ነፍስ ያህል ተጨመሩ፤ ሉቃስ ግን በዚያው ምዕራፍ አማኞቹ በሐዋርያት ትምህርትና በኅብረት፣ እንጀራውንም በመቍረስ፣ በየጸሎቱም ይተጉ እንደ ነበር ይነግረናል። የአዳር ጸሎት ምሽቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው የዚህ ምዕራፍ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ምእመኑ ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ ጎህ ሲቀድ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ የሚደውልለት ሰው የለም።

ጸሐፊው ደጋግመው የጠቀሱት «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ቃልም ከዐውዱ ተነጥሎ ቀርቧል። ጳውሎስ ይህን ከመጻፉ በፊት መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን እንደ ተማረ በግልጽ ይናገራል። ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነው። ወዲያው ቀጥሎም የፊልጵስዩስ ሰዎች በመከራው ስለ ተካፈሉት ያመሰግናል፤ ስጦታቸውን በአፍሮዲጡ እጅ መቀበሉን ይነግራቸዋል። ሁሉን የሚችለው ሐዋርያ ብርታቱን ከክርስቶስ እንደሚቀበል እየመሰከረ፣ በዚያው ገጽ ላይ በረሃብ ስለ መማሩና በወንድሞች እጅ ስለ መደገፉ ያወራል። ለእርሱ በእነዚህ ነገሮች መካከል ተቃርኖ አልታየውም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚሳሳት አገልጋይ የሚጎዳው አስቀድሞ የተጎዱትን ነውና። ጸሐፊው በእምነት የበረታ ሰው ጥርጣሬ እንደማይነካው፣ በሐዘን እንደማይሰበር፣ ሕመምም ቢያገኘው ቶሎ «ድል ነሥቶ» እንደሚነሣ ይናገራሉ፤ የሚሰበር ካለ ኃይሉን ገና አልተቀበለም፣ ስለዚህ ወደ ኃይል ስብሰባ መምጣት አለበት ይላሉ።

ይህ መለኪያ ትክክል ከሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ፣ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር የመለሰለት በመጀመሪያ በእንቅልፍና በእንጎቻ ነው፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በኮሬብ ከተነጋገሩ በኋላ ደግሞ ኤልሳዕን እንዲቀባ ላከው፤ ኤልሳዕም በሬዎቹን አርዶ ተከተለው፣ ያገለግለውም ጀመር። ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ላለቀሰ ነቢይ ከተሰጡት መልሶች አንዱ አብሮት የሚሄድ ደቀ መዝሙር ነበር። ጳውሎስ በእስያ ስለ ደረሰበት መከራ ሲጽፍ ስለ ሕይወቱ እንኳ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ ከዐቅሙ በላይ እንደ ከበደበት አልሸሸገም። አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቀርብ ታሟል፤ ጥሮፊሞስን ጳውሎስ ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ከእርሱ ጋር እንዲቆዩና እንዲተጉ ለመናቸው። እርሱ በዚያች ሰዓት የሰውን አብሮነት ከፈለገ እኛ ያለዚያ እንበረታለን ማለት ድፍረት ነው።

በምሳተፍበት የሐሙስ ምሽት ኅብረት ውስጥ ያየሁትን ብናገር ነጥቡን ግልጽ ያደርገዋል። ሕፃን ልጁን የቀበረ አንድ ወንድም ከአርባው በኋላ ወደ ኅብረቱ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እያንዳንዳችን በተራ መዝሙረ ዳዊት የምናነብበት ልማድ አለን። ተራው ሲደርስ መጽሐፉን እንደ ዘጋ «እኔ ዛሬ አላነብም፤ ማመኔንም እንጃ» አለ። ዝም ተባለ። ከዚያ የቤቱ እመቤት፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው አረጋዊት፣ መነጽራቸውን አድርገው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር በእሱ ፋንታ አነበቡለት፤ ሲጨርሱም ሻይ ቀዱለት። ያረመው፣ ጥቅስ የጠቀሰበት፣ «የሐዘን መንፈስ ነው» ብሎ ሊገሥጽለት የተነሣ ሰው አልነበረም። በቀጣዮቹ ወራት ተራው በደረሰ ቁጥር ሌላ ሰው ያነብለት ነበር። ዛሬም የልጁ ነገር ሲነሣ ድምፁ ይቆረጣል፤ ተራውን ግን ራሱ ያነባል። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ወንድም ኃይል ያልተቀበለ ነው። እኔ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ የበረታ ሰው ለመጥቀስ እቸገራለሁ።

ብርታት ማለት አለመሰበር ሳይሆን አለመሸሽ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ የአገራችን ታሪክም አለ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አደጋ እንደ ተደቀነባቸው ያውቁ ነበር፤ አስቀድሞም ታስረዋል። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሊያመቻቹላቸው ሲሞክሩ በፈተና ጊዜ መንጋቸውን ትተው እንደማይሄዱ መለሱ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ በምትገኘው ማኅበረ ምእመናን አስተምረው ሲወጡ ተያዙ፣ ተገደሉም፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳልፈዋል። እኒህን ሰዎች በዚያች ሌሊት ያቆማቸው ኃይል በዚያች ሌሊት የተሰጣቸው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ለእኔ አይቻለኝም። ሰው በመከራ ቀን የሚሆነውን ለመሆን ብዙ ተራ ቀኖች ያስፈልጉታል፤ ቄስ ጉዲና በመጨረሻ ምሽታቸው ሲሠሩ የተገኙትም ያንኑ የዘወትር ሥራቸውን ነበር።

አራተኛውን ነጥብ በአብዛኛው እቀበለዋለሁ። በደቀ መዝሙርነት ስም ሰውን ለሰው ያስገዙ አሉ። ተማሪው የሚያገባትን ልጅ፣ የሚቀጠርበትን መሥሪያ ቤት፣ የሚልከውን ገንዘብ ሳይቀር «መንፈሳዊ አባቱ» እንዲወስንለት የሚጠይቅ አሠራር በከተማችን ታይቷል፤ ከዚያ የወጡ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለመርገጥ ዓመታት ወስዶባቸዋል። ጸሐፊው «መምህራችሁ አንድ ስለ ሆነ እናንተም ሁላችሁ ወንድማማች ናችሁ» የሚለውን የጌታን ቃል መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ጴጥሮስም ሽማግሌዎች ለመንጋው ምሳሌ እንዲሆኑ እንጂ በኃይል እንዳይገዙ አስጠንቅቋል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተው መድረክን መሸሸጊያ ማድረጋቸው አስገርሞኛል። ሰው በሰው ላይ የሚሠለጥንበት ቦታ ይበልጡን የት ነው? መጽሐፉ ለሁሉም እኩል በተከፈተበት፣ «ይህ የት ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ በሚቻልበት የቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው ወይስ አገልጋዩ በጠባቂ ተከቦ በሚመጣበትና በሚሄድበት፣ ማንም ጥያቄ በማይጠይቅበት፣ ትንቢት ለመስማት መባ ይዞ መሰለፍ በሚያስፈልግበት አዳራሽ? ባለፉት ዓመታት በአገራችን የተቀባ ውኃና ዘይት ሲሸጥ፣ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዲጥሉ ሲነገራቸው ያየነው ከመድረክ ነው። አጵሎስ የተባለው ያ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ በምኩራብ ሲያስተምር የጎደለውን ያዩት ጵርስቅላና አቂላ ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት፤ እሱም ተቀበለ። መድረክን ማረም የቻለው ቤት ነበር። ለትንሹ ኅብረት ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሥልጣን እንዳይበቅልበት ቀላል ሥርዓት ይበቃዋል፦ ሁለት ወይም ሦስት ሰው አብሮ ይምራ፤ በኅብረቱ ውስጥ ገንዘብ አይሰብሰብ፤ ማንም ስለ ሌላው ትዳርና ሥራ አይወስን፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎችም ሳይነገር ይጎብኙ።

አምስተኛው ነጥብ፣ የጊዜ ማጣት ጉዳይ፣ በከተማ ላለነው ረጅም መልስ የሚያሻው አይመስለኝም። ለሠርግ ሽምግልና፣ ለዕድር፣ ለኳስ ጨዋታ ጊዜ አግኝተን ለዚህ የምናጣ ከሆነ ጉዳዩ የጊዜ አይደለም። በዐረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት ያሉት እኅቶቻችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ጸሐፊውም እነሱን ማስታወሳቸው የሚመሰገን ነው። ከእነዚህ እኅቶች ብዙዎቹ የዕረፍት ቀን የላቸውም፤ በግልጽ የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን የሌለበት አገር ላይ ያሉም አሉ። ማዳሟ እንዳታይ ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ሸፍና ልብስ እየተኮሰች የምትሰማው ስብከት ለአንዲት እኅት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ኑሮዋን አያውቅም።

ይበቃታል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የምትሰማው ሰባኪ ስሟን አያውቅም። ደመወዟ ሦስት ወር ቢያዝ፣ ብትታመም፣ ብትደበደብ፣ ከነጭራሹ ብትሞት ስብከቱ በቀጠሮው ይለቀቃል። ይህን ከማንም በፊት የተረዱት እነሱ ራሳቸው ስለሆኑ በስልክ የራሳቸውን ኅብረት አቋቁመዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት አልፎ፣ ጥቂት እኅቶች ይገናኛሉ፤ አንዷ ምዕራፉን በሹክሹክታ ታነባለች፣ ሌሎቹ ድምፃቸው እንዳይሰማ ማይክሮፎናቸውን ዘግተው ያዳምጣሉ፣ ጸሎት የሚሻ ነገር ያላት በጽሑፍ ትልካለች። ከመካከላቸው አንዷ ሳትገባ ከሰነበተች አብራት ከአገር የወጣችው ትደውላለች፣ ካላገኘቻትም ለቤተሰቧ ይነገራል። ይህ ኅብረት ደብተር፣ አዳራሽ፣ ሰርተፍኬት የለውም፤ ማርቆስ ጌታ ዐሥራ ሁለቱን ከእርሱ ጋር እንዲኖሩና ለመስበክ እንዲልካቸው መረጣቸው ብሎ ከጻፈው ነገር ግን ብዙ የራቀ አይደለም። ጊዜ የሌላቸው ተብለው የተጠቀሱት ሰዎች ከእንቅልፋቸው ቀንሰው የሚያደርጉትን ነው ጸሐፊው ዕረፍት ያለን እኛ እንድንተወው የሚመክሩን።

ስለ መጨረሻው ሐሳባቸው አንድ ነገር ልጨምር። የሐሙሱ ምሽት ለአዳር ጸሎት ይሰጥ ላሉት፣ አዳር ጸሎቱ ዓርብ አለው፤ እዚያው ይኑር፣ እኔም እገኛለሁ። ከዕቅዱ የሚቀነስ ነገር የግድ ካስፈለገ የምጠቁመው ሦስተኛውን ኮርስ ነው። ሁለት ኮርስ ጨርሶ ሁለት ሰርተፍኬት ግድግዳው ላይ ለሰቀለ ምእመን ሦስተኛ ደብተር ከሚታደለው፣ በዚህ ዓመት ከተጠመቁት መካከል አንድ ሰው በስም ይሰጠው። የማርቆስን ወንጌል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ያንብቡ፤ አንዱ በሌላው ቤት ይብላ፤ ሲታመም ይጠይቀው፣ ሲያዝን አብሮት ይቀመጥ። ሽማግሌዎችም በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው እንደ ተመረቀ የሚገልጸውን ሪፖርት ትተው ያንን ምእመን «የሰጠንህ ሰው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት።